ጫፉ ቀጭን ከሆነስ?

አስቀድሜ ሰዎቹን በስም ልጥራ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ክፍል ገብቼ ከስም ጥሪ በፊት ሌላ ነገር ጀምሬ አላውቅም፤ አሁን በጡረታዬ አመሌን አልቀይርም።

እትዬ ትርንጎ። ማስተማር ምን እንደሆነ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ጉና ላይ፣ ብርዱ ጠመኔ ከእጅ በሚያስጥልበት ትምህርት ቤት፣ ትንንሾቹን ያስተምሩ ነበር።

ስማቸው። የበኩር ልጄ ነው። ሦስተኛ ክፍልን ያስተማርኩት እኔው ራሴ ነኝ። አድጎ የቀበሌ የመሬት ኮሚቴ አባል ሆነ፤ ሲለካ ገመድ የሚይዘው እሱ ነበር።

ማሬ። ከስማቸው ጋር አንድ ክፍል የተማረች ልጅ ናት። ዐረብ አገር ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች።

ባዘዘው። የማሬ ታላቅ ወንድም፣ አራሽ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይፈለጋል።

አያ እንየው። የእነማሬ ጎረቤት፣ ሽማግሌ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሰጡት ሐሳብ አንድ ብቻ ነው። ትክክል ነበሩ። ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ።

እኔ ይርዳው እባላለሁ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ ወንበር ላይ ተቀምጬ አልተማርኩም። አባቴ ሲሞቱ ደብተሬን አስቀምጬ እርሻ ያዝኩ። ማንበብ ስለምችል ግን የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ላይ ጎልማሶችን እንዳስተምር መረጡኝ፤ ከዚያም መምህር ሲጠፋ ወደ ሕፃናቱ አሻገሩኝ። የቀረውን ከመጽሐፍ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። የምስክር ወረቀቱ ብዙ ቆይቶ በክረምት ኮርስ መጣ። ራሴን በማስተማሬ ስኮራ ኖሬያለሁ፣ ዛሬም አላፍርበትም። ነገር ግን ብቻዬን ስለተማርኩ አንድ መጥፎ አመል ይዤ ቀረሁ፦ አንዲት መንገድ ካገኘሁ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለኝም ነበር። የማወራው ስለዚሁ አመል ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ ጉና ነበር። ደመወዝ ለመቀበል በእግር ወደ ደብረ ታቦር እንወርድና በእግር እንመለስ ነበር። ስለ ደመወዙ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የገባሁ ሰሞን ክፍልፋይ ላስተምር ተነሣሁ። ሰሌዳው ላይ አንድ ሁለተኛና አንድ አራተኛ ጻፍኩና «የትኛው ይበልጣል?» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «አንድ አራተኛ!» አለ። አራት ከሁለት ስለሚበልጥ ነው። ደግሜ አስረዳሁ። «አንድ አራተኛ!» ለሦስተኛ ጊዜ አስረዳሁ። አሁንም «አንድ አራተኛ!» ዱላዬን ጠረጴዛው ላይ ባሳርፈው ጊዜ በግድግዳው ማዶ ያስተምሩ የነበሩት እትዬ ትርንጎ ብቅ አሉ። ከቦርሳቸው የተቀቀለ ድንችና በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ አወጡ።

«ይርዳው፣ ያንን እንጨት አስቀምጠው» አሉኝ። ከዚያ ከሁሉም አብልጦ የሚጮኸውን ልጅ ጠሩት። «አንተ፣ አንድ አራተኛ ይበልጣል ነው ያልከው?»

«አዎ እትዬ።»

ድንቹን ለሁለት፣ አንደኛውን ግማሽ ደግሞ እንደገና ለሁለት ቆረጡት። «እንግዲያው አንድ አራተኛውን አንተ ብላ፤ ትንሹን ግማሽ ለዚች ልጅ እሰጣታለሁ።»

ልጁ በእጁ ያለውን አየ፣ የልጅቷን አየ። «እትዬ፣ ግማሽ ይበልጣል!»

«ማን ነገረህ?»

«ሆዴ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ ሩብ ከግማሽ ይበልጣል ያለ ልጅ አልሰማሁም። እኔ በሦስት ማስረዳትና በአንድ ዱላ ያልሠራሁትን እሳቸው በአንድ ድንች ሠሩት፣ ለዚያውም ድንቹ ተበላ።

የእትዬ ትርንጎ ቦርሳ ዛሬ በፕላስቲክ ታሽጎ ከሚመጣው የመርጃ መሣሪያ ሁሉ ይበልጥ ነበር። የገብስ አገዳ ይዘው ይመጣሉ፤ ልጆቹ አገዳውን ቆራርጠው ጫፍና ጫፉን በጭቃ ያያይዙታል። ሦስት አገዳ ሲያያዝ ቢገፉት አይነቃነቅም፤ አራት አገዳ ሲያያዝ ይንጋደዳል። «የቤታችሁን ጣራ ሂዱና እዩት፣ አናጢው የትኛውን መረጠ?» ይሏቸዋል። በነጋታው ልጆቹ ጎነ ሦስትን ከጣራቸው ቆጥረው ይመጣሉ። እኩሌታንና ሲሶን ለማስተማር ደግሞ አዲስ ነገር አይፈልጉም። ልጆቹ መሬት በእኩልና በሲሶ ሲታረስ፣ አውድማ ላይ እህሉ በቁና ተሰፍሮ ሲከፈል እያዩ ያደጉ ናቸው። «አባትህ የሰው መሬት በእኩል ሲያርስ ስንት ቁና ለእሱ፣ ስንት ቁና ለባለ መሬቱ?» ሲሉት ያልመለሰ ልጅ አላየሁም። ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ጽፌ፣ መጨረሻ ላይ እቆጣ ነበር።

ሁለት የማይተዉት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ማንኛውንም ነገር የሚቆርጠው ልጅ ድርሻውን መጨረሻ ያነሣል። ሌሎቹ መርጠው ከወሰዱ በኋላ የተረፈው የእሱ ነው። ስለዚህ ልጁ ቢላዋውን ከማሳረፉ በፊት አንገቱን አዘንብሎ ከዚህም ከዚያም ያያል፤ እንደዚያ የሚጠነቀቅ መሐንዲስ አላውቅም። ሁለተኛው፣ አንድ ነገር ገባን ሲሏቸው እጃቸውን ከጠመኔው እያራገፉ «በሌላ ቅርጽስ?» ይላሉ። ዳቦ ለሁለት የከፈለ ወረቀት ይከፍላል፤ ወረቀት የከፈለ አጎዛ ይከፍላል።

አጎዛው የበግ ነው። ከአንገቱ ጠባብ፣ ከወገቡ ሰፊ፣ እግሮቹ ወጣ ወጣ ያሉ። መሬት ላይ አንጥፈው ልጆቹ ገመድ በላዩ እንዲያጋድሙ ያደርጓቸዋል። «ሁለት ሰው እኩል ይቀመጥበት፤ የት ላይ ልቁረጠው?» መጀመሪያ የሚመጣው ልጅ ሁልጊዜ ገመዱን መሀል ወገቡ ላይ አግድም ያሳርፈዋል። «ጥሩ። ቆራጩ አንተ ነህና መጨረሻ ትወስዳለህ።» ሌላው ልጅ ዘሎ በሰፊው በኩል ይቀመጣል፤ ቆራጩ የአንገቱ ቁራጭ ላይ በአንድ ቂጡ ይንጠለጠላል። ያኔ ገመዱ ይዞራል፤ ከአንገት እስከ ጭራ በቁመቱ ይጋደማል። ይህን ትምህርት እትዬ ትርንጎ አንድ ሙሉ ቀን ይሰጡት ነበር። እኔ በልቤ ጊዜ ማባከን ነው እል ነበር። ከጉና ስዛወር አጎዛውን አንከባለው ሰጡኝ። «ክፍል ውስጥ አንጥፈው» አሉኝ። ቤቴ አንጥፌ ተኛሁበት።

ቀጥሎ የተመደብኩት ሐሙሲት በኩል፣ ለወንዛዬ ፍል ውኃ በሚቀርብ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የነበሩት ርዕሰ መምህር ቅርጾች ሁሉ በካርቶን ተሠርተው ቀለም ይቀቡ ብለው አዘዙ። ሳምንት ሙሉ ቆረጥን፣ ቀባን። ከዚያ እንዳይበላሹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው፤ ቁልፉ ንብረት ክፍል፣ የንብረት ክፍሉ ሰው ደግሞ ፍል ውኃ። ልጆቹ በበር ስንጥቅ አጮልቀው ካሬ ያዩ ነበር። የሚገርመው፣ ዓመቱ ሲያልቅ በመርጃ መሣሪያ አያያዝ ተመሰገንን።

ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር አቅራቢያ፣ ከጋፋት ማዶ ወዳለች ቀበሌ መጣሁ፤ ቤቴንም እዚያው ሠራሁ። የወደቅኩት እዚያ ነው።

በአንድ ክፍል ሰማንያ ልጅ ነበረኝ። መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው። ሱፐርቫይዘሩ በየወሩ እየመጣ «እቅድህ ላይ ገጽ ስንት ደርሰሃል?» ይለኛል። ለሰማንያ ልጅ ድንችም አጎዛም አይዳረስም፤ ስለዚህ ግማሽን በቃል ማስጠናት ጀመርኩ። የደብተር ወረቀት አንሥቼ አሳያቸውና «ርዝመቱን ለካ፣ ለሁለት ክፈል፣ መሀሉ ላይ አስምር» አስብላቸዋለሁ። በዜማ ነበር የሚሉት። ከሁሉ አስተካክሎ የሚለው ልጄ ስማቸው ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሚያዳምጥበት ቀን ማሬ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ጫፉ ቀጭን ከሆነስ?»

«የምኑ ጫፍ?»

«የመሬታችን። የኛ መሬት ላይ መንገዱ ጋ ሰፊ ነው፣ ታች ወንዙ ጋ ይሾላል።»

«ስለ መሬት ማን ጠየቀሽ? የምንማረው ስለ ወረቀት ነው።»

«ወረቀቱስ ቢሾል?»

ልጆቹ ሳቁ። ሱፐርቫይዘሩም ፈገግ አለ። እኔ ግን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰው ነኝና፣ የተሳቀው በእኔ መሰለኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር ብል ውሸት ነው፤ ጉና ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቢያንስ «ነገ እናየዋለን» ማለት አቃተኝ። ከሰሌዳው ሥር አንበረከክኋት። ስማቸውን አስነሥቼ «ንገራት» አልኩት። ርዝመቱን ለካ፣ ለሁለት ክፈል፣ መሀሉ ላይ አስምር። ሱፐርቫይዘሩ በቅጹ ላይ የክፍል ቁጥጥሬ መልካም መሆኑን ጽፎ ሄደ። ማሬ በቀረው ዓመት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ጨዋ ሆነች ብዬ ነበር።

ዓመታት አለፉ። እኔ ከተማ ተዛወርኩና ከቤቴ እየተመላለስኩ ደብረ ታቦር አስተማርኩ። ማሬ ስምንተኛን ጨርሳ ዐረብ አገር ሄደች። አባቷ ሲሞቱ መጥታ መቅበር እንኳ አልቻለችም፤ ዘጠነኛው ዓመት ላይ ጠቅልላ ገባች። ሐሳቧ ቁርጥ ያለ ነበር፦ ከአባቷ መሬት ድርሻዋን ይዛ፣ መኖና ድንች ዘርታ፣ ሁለት የወተት ላም አርብታ ለከተማው ወተት ማቅረብ። «ከእንግዲህ የሰው ልጅ አላጥብም፣ የሰው ወለል አልወለውልም» ትል ነበር። ለዚያ የሚያስፈልጋት ግማሹ መሬት ነው፤ ከግማሽ ያነሰ ለላሞቹም ለድንቹም አይበቃም።

መሬቱ ልጅ ሳለች እንዳለችው ነበር። ላይ መንገዱ ጋ ሰፍቶ፣ ከሁለቱም በኩል እየጠበበ፣ ወንዙ ጋ ይሾላል። ኮሚቴው መጣ፤ ስማቸው ገመዱን ይዞ። እኔ በሽማግሌነት ተጠርቼ ተገኘሁ።

ልጄ ገመዱን ከመንገዱ እስከ ወንዙ ዘረጋው። ለካ። ገመዱን ለሁለት አጠፈው። መሀሉ ላይ ካስማ ተከለና ከዳር እስከ ዳር አግድም አሰመረ። ዜማው ብቻ ነበር የቀረው።

አያ እንየው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። «እንደ ድሮው በቁመቱ፣ ከመንገዱ እስከ ወንዙ ብትተረትሩት አይሻልም?» አሉ። «ይኼ ታችኛው እኮ ቀጠነ።»

«አያ እንየው» አልኳቸው፣ «ዛሬ በዓይን ግምት ቀርቷል። በገመድ ነው።»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም «እንግዲህ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ» ብለው ዝም አሉ። አስቡት እንግዲህ፤ ማናችንም ትምህርት ቤት ባንገባ ኖሮ መሬቱ በትክክል ይከፈል ነበር። የአገሩ አራሽ ሁሉ የሾለ መሬትን በቁመቱ እንደሚከፍል ያውቃል። ያንን ያስረሳነው እኔና ልጄ ነን።

ማሬ እኔን አየችኝ። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ተወችው። ያ ዝምታ የእኔ ሥራ ነው።

ከዚያ ዕጣ ተጣለ። ባዘዘው ጠጠር ሰጠ፤ ማሬ ከነጠላዋ ጥለት ክር መዝዛ ሰጠች። የቱ የማን እንደሆነ የማታውቅ፣ ውኃ ቀድታ የምታልፍ ሴት ተጠርታ አንዱን ከካስማው በላይ፣ አንዱን ከካስማው በታች ጣለች። ክሩ ከታች ወደቀ፤ ጫፉ ላይ። «እግዜር የመረጠልሽ ነው፣ ለውኃውም ትቀርቢያለሽ» ብዬ መረቅኋት። ደብተር ወጣ፣ ፈረምን፣ ተበተንን። ዕጣ ባይጣል አንዱ ባንዱ ላይ ያጉረመርም ነበር። ከተጣለ በኋላ ግን የሚያጉረመርም ሰው ከፈጣሪ ጋር የተጣላ ይመስላል። እትዬ ትርንጎ የቆረጠው መጨረሻ ይውሰድ ያሉት ለዚህ ነበር፤ የእኛ ቆራጭ ምንም የሚወስደው አልነበረም።

በዚያው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ስንት ትውልድ እንዳፈራሁ ተነገረ። ያንኑ ጋቢ ደርቤ ደጄ ተቀምጬ ሳለሁ ማሬ መጣች።

«እንዴት ዋሉ መምህር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርሻው እንዴት ነው?»

«ያንን ነው የመጣሁበት። ያረሰልኝ ሰው የኔን በአንድ ቀን ጨረሰው። ታች ደግሞ በሬዎቹ የሚዞሩበት አጣሁ ብሎ ተወልኝ። ያው ሰው፣ በዚያው በሬ፣ የአያ ባዘዘውን ሦስት ቀን አረሰ።»

«ቀርፎበት ይሆናል።»

«አልቀረፈም መምህር።» ከቦርሳዋ የደብተር ወረቀትና መቀስ አወጣች። ወረቀቱን እንደ መሬቱ አድርጋ አሾለችው። ርዝመቱን አጥፋ መሀሉን አገኘች፣ አግድም ቆረጠችው። «ይኼ ጫፉ የኔ ነው፤ ይኼ የወንድሜ። እንግዲህ ይቁጠሩልኝ።» ጫፉን አንሥታ በትልቁ ቁራጭ ግራ ጥግ ላይ አሳረፈችው፤ ልክክ አለ። ቀኝ ጥግ ላይ አሳረፈችው፤ ልክክ አለ። ገልብጣ መሀል የቀረው ላይ አሳረፈችው፤ ልክክ አለ።

«ስንት ሆነ መምህር?»

«ሦስት።»

«ለኔስ?»

«አንድ።»

«ከአራት አንድ ምን ይባላል?»

ሩብ ይባላል። ለሰማንያ ልጅ ሳስጠና የኖርኩት ነው። መቀሱን ተቀብያት ራሴ ሦስት ወረቀት ቆረጥኩ። ሦስቱም ያው ሆኑ። «ሦስተኛ ክፍል ጠይቄዎት ነበር» አለች። ሌላ አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄን ስማቸውን ጠርቼ ወረቀቱን አሳየሁት። ደሙ ፈላ።

«አባባ፣ አንቱ ኖት ያስተማሩኝ! እንዳሉኝ አደረግኩ!»

«ዓይን የለህም? ጫፉ ሲቀጥን አታይም?»

«አንቱስ እዚያው ቆመው አልነበር? አያ እንየውን ዝም ያሰኙ አንቱ!»

ልጅ ለአባቱ እንዲህ አይመልስም ብዬ ጮህኩበት። እውነቱን ስለተናገረ ነው የጮህኩበት።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ማሬ ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ ከረመች። ሽማግሌዎች ተቀምጠው እኔን በምስክርነት ሲጠይቁኝ «ርዝመቱ እኩል ነው፤ ገመዱ አልተዛባም» አልኩ። አንዲት ቃል ውሸት የለበትም። ቃላቱን የመረጥኳቸው ግን የልጄን ስምና የራሴን ስም ላድን ነው። ባዘዘውም «ዕጣ ነው፣ ዕጣ አይሻርም» ብሎ ቆመ፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ መምህሩና ኮሚቴው እኩል ነው ካሉት ምን ያድርግ። ከካስማው ሥር ባሕር ዛፍ ተከለ። እህትና ወንድም ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ መሳሳም ተዉ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ክረምት አለፈ። ማሬ ለላም መግዣ ያመጣችው ገንዘብ በመመላለስ አለቀ።

ሦስተኛው ክረምት መግቢያ ላይ ደብረ ታቦር ወርጄ እትዬ ትርንጎን ጠየቅኋቸው። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አይስትም። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ልጅቷ ምን ብላ ነበር የጠየቀችህ?»

«ጫፉ ቀጭን ከሆነስ አለች።»

«አንተስ?»

«አንበረከክኋት።»

«እኔ አርባ ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም» አሉ። «ሁልጊዜ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። አጎዛውን ምን አደረግኸው?»

«ተኛሁበት እትዬ።»

«ታዲያ ተነሣ!»

አጎዛው አርጅቶ ጠጉሩ ቢረግፍም ቅርጹ አልጠፋም። አንከባልዬ ባዘዘው ቤት ይዤው ሄድኩ፤ ስማቸውንም አስከተልኩ። ማሬንና አያ እንየውን አስጠራሁ። አጎዛውን ደጁ ላይ አነጠፍኩና ገመድ ለባዘዘው ሰጠሁት።

«ባዘዘው፣ ይህን ለሁለት ሰው እኩል ክፈል። ቆራጩ ግን መጨረሻ ነው የሚወስደው፤ መጀመሪያ ማሬ ትመርጣለች።»

«ምን ጨዋታ ነው ጋሼ ይርዳው?»

«ትምህርት ነው። ቀርቶብህ ነበርና አሁን ተማር።»

እየሳቀ ጎንበስ አለ። አንድ ጊዜ እንኳ አላመነታም፤ ገመዱን ከአንገት እስከ ጭራ በቁመቱ አጋደመው። ያልተማረው ባዘዘው።

«ለምን አግድም አላደረግኸውም?» አልኩት።

«እንዴ፣ የአንገቱ ለማን ይሆና—» አለና አፉ ላይ ቀረ። ቀና ብሎ ማሬን አየ። እሷ ወደ መሬቱ ታይ ነበር።

«አጎዛ ሌላ፣ መሬት ሌላ» አለ ባዘዘው ቆይቶ፤ ድምፁ ግን የቀድሞው አልነበረም። ያኔ ለሽማግሌዎቹ ከሁለት ዓመት በፊት ልናገር የሚገባኝን እዚያው ደጃፍ ላይ ተናገርኩ፦ ገመዱ ትክክል እንደነበረ፣ ትምህርቱ ግን ስሕተት እንደነበረ፣ ስሕተቱም የልጄ ሳይሆን የእኔ እንደሆነ። በሳምንቱ ቢሮ ገብቼ ይህንኑ በፊርማዬ ሰጠሁ። መሬቱ እንደገና ተከፈለ፤ አያ እንየው መጀመሪያ እንዳሉት በቁመቱ፣ ከመንገዱ እስከ ወንዙ። ባዘዘው ከፈለ፣ ማሬ መረጠች፣ እሱ የተረፈውን ወሰደ። ያለ ዕጣ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ዛሬ ትምህርት ቤቶቹ የፕላስቲክ ቅርጽ በሣጥን ይመጣላቸዋል፤ ግማሹ ሁልጊዜ ክብ ነው፣ ሩቡም ክብ ነው፣ የሾለ ነገር በሣጥኑ ውስጥ የለም። ወጣት መምህራን እየመጡ «ጋሼ፣ ልምድዎን ያካፍሉን» ይሉኛል። ልምዴ ይህ ነው። ማን ምን እንደከፈለበት ሒሳቡን አጠናቅቄ ላስረክባቸው።

አያ እንየው፦ በሰው ፊት አንድ ሳቅ፣ ዳግመኛም ለሽምግልና አልወጡም። ስማቸው፦ ኮሚቴውን ለቀቀ፤ ለእኔ ሰላምታ ይሰጣል፣ ወሬ ግን የለንም። ባዘዘው፦ ሁለት ረድፍ ባሕር ዛፍ ነቀለ፣ ሁለት ክረምት ከእህቱ ጋር ሳይነጋገር አለፈው። እኔ፦ አሁንም መምህር ይሉኛል፤ ስሰማው ቀና አልልም። ማሬ፦ ሦስት ክረምትና የዘጠኝ ዓመት ጥሪቷ። ግማሿን ባገኘች ጊዜ ላም የምትገዛበት አልነበራትም። በመስከረም ተመልሳ ዐረብ አገር ሄደች። መሬቷን ባዘዘው በእኩል ያርስላታል፤ እህሉን አውድማ ላይ በቁና ሰፍሮ፣ ሳያጓድል፣ የግማሽዋን ግማሽ ያስቀምጥላታል።

የግማሽ ግማሽ ሩብ ነው።